ዳማና ቀዩ ሳፋ

መጋቢት 7 ቀን 2017፣ እሑድ

ዛሬ ዳማን ማጠብ አቃተን። አራት ሰው ለአንድ ውሻ! እኔ አንገቱን ያዝኩ፤ ወንድሜ ወገቡን። ጋሼ፣ ዘበኛችን፣ ጎማውን ይዘዋል። እማዬ ሳሙናና ፎጣ ታቅፋ ቆማለች። ቀዩ ሳፋ ውስጥ በግድ አስገባነው። ውኃው ገና ጀርባውን ሲነካው ተንፈራገጠ። ሳፋው ተገለበጠ። ጥፍሮቹ ሊሾውን እየፋቁ ተንሸራተተና በደረቱ ወደቀ። ከዚያ ዞሮ እጄን ያዘው። ነከሰኝ ለማለት ይከብደኛል። ጥርሱ ቆዳዬን ጫር አድርጎ ደም አሳየ እንጂ አልጨከነም። ወዲያው ለቀቀኝና ሮቶው ማቆሚያ ሥር ገብቶ ተኛ። እስከ ማታ አልወጣም። ምሳውንም አልነካም።

እጄን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ አጠብኩት። ዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ታኅሣሥ ላይ ወስዷል፤ ካርዱም ቤት አለ። ቢሆንም ጤና ጣቢያ ሄጄ ታየሁ። «የራሴ ውሻ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ዳማ አራት ዓመቱ ነው። የሐበሻ ውሻ ነው። ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ ደረቱ ላይ ብቻ ነጭ አለው። የሰፈር ሕፃናት ጭራውን ሲጎትቱት ዝም ይላቸዋል። ርችት ሲተኮስ እንኳ አይደነግጥም። የሚፈራው አንድ ነገር መታጠብን ነው። እሱንም ያስተማርነው እኛው ነን። ቡችላ ሳለ፣ ነሐሴ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ መጣ። ቧንቧው ላይ አሰርነውና በጎማ ቀዝቃዛ ውኃ ለቀቅንበት። እየጮኸ ጨረስነው። ያ ጩኸት ዛሬ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል።

ማታ ደብተር አወጣሁ። የማደርገውን ሁሉ እጽፋለሁ። ዳማ ሳይታሰርና ሳይያዝ፣ በራሱ ፈቃድ ቆሞ እስኪታጠብ ድረስ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወገቡና ጭራው ሥር እያከከ ጸጉሩን ጨርሶታል። ማጠብ የፈለግነውም ለዚህ ነበር። ዶክተሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጸጉሩን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጠሩና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ አራገፉት። «ጠብቂና እዪ» አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ጥቁሩ ነጠብጣብ ዙሪያውን ቀላ። አፈር መስሎኝ የነበረው የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቁንጫዋ ከዳማ የመጠጠችው ደም ነው። ለካ ስንት ጊዜ አይቼው ቆሻሻ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አንገቱ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አደረጉለት። ለሁለት ቀን ውኃ እንዳይነካው አሉ። የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውኃ አጥበን ፀሐይ ላይ እንድናሰጣ ነገሩን። የቁንጫ እንቁላልና ትል የሚበዛው ውሻው ላይ ሳይሆን መኝታው ውስጥ ነው። በኋላ የሚታጠብበት የቆዳ ሻምፑም ሰጡኝ። ከተቀባ በኋላ ለ10 ደቂቃ መቆየት አለበት። 10 ደቂቃ! ዳማ 10 ሰከንድም አልቆመልንም።

ጆሮውንም ሊያዩ ሞክረው ነበር። አልፈቀደም። አንገቱን አዙሮ አጉረመረመ። «ዛሬ አናስጨንቀው» ብለው ተዉት።

ጎረቤታችን ነጭ ጋዝ ቀቢው ብላኝ ነበር። ለዶክተሩ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሻው ደግሞ ገላውን ስለሚልስ ወደ ሆዱ ይገባል፤ መርዝ ነው። የልብስ ሳሙናም ይቅር አሉ። የሰው ቆዳ አሲድነት ያለው ነው፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5.5 አካባቢ። የውሻ ግን ወደ 7 ይጠጋል። ስለዚህ የእኛ ሻምፑ ራሱ አይስማማውም፤ የልብስ ሳሙና ደግሞ ቅባቱን ሙልጭ አድርጎ ይወስድበታል።

ስንወጣ ያሉኝን እዚህ ላስፍረው። «ቁንጫውን መድኃኒቱ ይይዘዋል። መታጠቡ አይቸኩልም። ፍርሃቱን መጀመሪያ አስታግሺለት፣ የኔ ልጅ።» ከዚህ በፊት ሁልጊዜ የምናጥበው ሲብስበት፣ በጥድፊያ ነበር። አሁን ጊዜ አለን።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ዛሬ ዝም ብዬ አየሁት። «መታጠብ» የምንለው ነገር ለዳማ አንድ ነገር አይደለም። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። በተራ ጻፍኩት። እማዬ አሮጌ ቀሚሷን ትለብሳለች። ሳፋው ግድግዳውን እየመታ ከምስማሩ ይወርዳል። ገመድ ይመጣል። ስሙ በሌላ ድምፅ ይጠራል። ሰው ያነሳዋል። እግሩ የሚያንሸራትት ነገር ላይ ያርፋል። ጎማው ያፏጫል። ውኃ አናቱ ላይ ይወርዳል፤ ጆሮው ይገባል። ሳሙናው ዓይኑን ያቃጥለዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አራት ሰው ከላዩ አጎንብሷል።

ከዚያ አንድ አንዱን ለብቻው ሞከርኩ። እማዬ ቀሚሱን ለብሳ አለፈች፤ ቀና ብሎ አያት፣ በቃ። ገመዱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ፤ ጆሮው ብቻ ወደ ኋላ ሄደ። ሳፋውን ከምስማሩ ሳወርደው ግን በረንዳው ላይ ተኝቶ የነበረው ዳማ አፍንጫውን ላሰ። አፉ ላይ ምንም ምግብ የለም። ቀጥሎ አዛጋ። እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ራሱን አዙሮ በዓይኑ ጥግ አየኝ፤ የዓይኑ ነጭ ወጣ ብሎ ይታያል። የፊት እግሩን ከመሬት ትንሽ አነሳ። እኔ ከእሱ ሰባት ስምንት እርምጃ ርቄያለሁ፤ ውኃም የለም። ፍርሃቱ እዚያ ጀምሯል። እኛ ግን የምናየው ሲንፈራገጥ ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሳፋው ውስጥ ስናስገባው መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር። ጋሼ «ይኸው ለመደ» አሉ። አልለመደም። ደርቆ ነበር። ጡንቻው እንደ እንጨት፣ አፉ ግጥም ያለ። ውሻ ሲረጋጋ አፉ ላላ ይላል፣ ገላው ይለሰልሳል። ይህን ልዩነት ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እጄም አይጫርም ነበር።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዛሬ የበልግ ዝናብ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ትልልቅ ጠብታ። ልብስ ላስገባ ስወጣ ዳማ ግቢው መሐል፣ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ዝናቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ከጆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል። እሱ አፉን ከፈት አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። «እማዬ ነይ እዪው!» አልኩ። መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። «ታዲያ ከእኛ ጋር ምን ሆኖ ነው?» አለች።

ውኃ አይፈራም ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ይሄ ውሻ ውኃ ይፈራል» ስንል ኖረናል። ዝናቡ ግን አያፏጭም። ሣሩ አያንሸራትትም። የያዘው ሰው የለም፤ ሲሰለቸው ተነስቶ በረንዳ ሥር ይገባል። ደብተሬ ላይ «ውኃ» የሚለውን ሰርዤ አራት ቃል ጻፍኩ። ወለል፣ ድምፅ፣ መያዝ፣ ራስ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ምግብ ይዤ ልጀምር አስቤ ነበር። ሁዳዴ ስለሆነ የሰፈራችን ልካንዳ ዘግቷል። ቤት ውስጥም እንቁላል የለም። የለውዝ ቅቤ ገዛሁ። ለእኛም ጾም ነው፤ ለእሱም ጥሩ። ሲገዙ ግን የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ለውሻ መርዝ ነው። የእኔው ለውዝና ጨው ብቻ ነበረው።

አምስት ቀን ሠራሁበት። ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ። የለውዝ ቅቤውን አሸትተውና ወደ ሳፋው እጠራዋለሁ። መጀመሪያ መጣ። ሐሙስ ላይ ግን የለውዝ ቅቤውን ክዳን ስከፍት አፍንጫውን ልሶ ወደ ሮቶው ሥር ሄደ። ደነገጥኩ። የሚወደውን ነገር አስጠላሁበት።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ስህተቱ ገባኝ። ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾቹን ሲያጠና መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፤ ምግቡ ይከተላል። ስለዚህ ውሻው ድምፁን ሲሰማ ምራቁ ይመጣል። እኔ ግን ምግቡን አስቀድሜ ሳፋውን አስከተልኩ። ለዳማ የለውዝ ቅቤ «አሁን ሳፋው ሊመጣ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሆነ።

አሁን ገልብጬ ጀመርኩ። ሳፋው መጀመሪያ ይታያል፣ ሩቅ፣ 10 እርምጃ ላይ። ከታየ በኋላ ብቻ የለውዝ ቅቤው ከኪሴ ይወጣል። ሳፋው ሲሄድ የለውዝ ቅቤውም ያልቃል። በ1924 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ትንሽ ልጅ ስትረዳ ርቀቱን እንዲሁ ነበር የጠበቀችው። ልጁ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሏ ከሩቅ ትታያለች፤ ልጁ ሳይረበሽ ከቀን ቀን ትቀርባለች። ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። ዳማ አፍንጫውን ከላሰ ቀርቤያለሁ ማለት ነው። ሁለት እርምጃ እመለሳለሁ።

እማዬ ከኩሽና ሆና ታየኛለች። «ልጄ፣ ይሄ ውሻ ለመታጠብ ትምህርት ቤት ገባ እንዴ?» አለችኝ። ገብቷል አልኳት።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ሳፋው ውስጥ እርጥብ ጆንያ አነጠፍኩበት። ለራሴ ባዶውን ሳፋ በእጄ ሞክሬው ነበር፤ ትንሽ ውኃ ሲነካው እንደ ቅቤ ነው። ዳማ በጥፍሩ ሊቧጥጥ ሲሞክር የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ሰውም ቢሆን የሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ቆመህ ተረጋጋ ቢባል አይረጋጋም።

ዛሬ ሳፋው አጠገብ ተቀመጥኩ። አልጠራሁትም። መጣ። ጆንያውን አሸተተ። አንድ እግሩን፣ የቀኙን፣ ሳፋው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ትንፋሼን ዋጥኩ። እግሩ ጠርዙን አልፎ ጆንያው ላይ ገባ። ጣቶቹ ሲዘረጉና ጆንያውን ቆንጠጥ ሲያደርጉት አየሁ። «ጎበዝ!» አልኩት በቀስታ፤ የለውዝ ቅቤ አስከተልኩ። እግሩን አወጣ። እንደገና አስገባ። በቃ፣ አቆምኩ። ሁለተኛውን እግር እንዲያስገባ ማጓጓት እችል ነበር። ግን ደስ እያለው መለያየት ይሻላል ብዬ ተነሳሁ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዛሬ ከባድ ቀን ነው። ሥራ ውዬ ስመለስ ዳማ ሊቀበለኝ አልወጣም። ወንድሜ ለበዓሉ ንጹሕ ይሁን ብሎ፣ ሊያግዘኝ ብሎ፣ ብድግ አድርጎ ሳፋው ውስጥ አስቀምጦታል። በደህና ልብ ነው። «ሲገባ አይቼው ለመደ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ግን ማታ ሳፋውን ሳነሳ ዳማ ከግቢው ጫፍ ሆኖ ተንቀጠቀጠ። ጆንያው ራሱ፣ ያ የወደደው ጆንያ፣ አሁን ያስፈራዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አንድ ሳምንት ሥራ በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ቤት ያለነውን ሁሉ ሰብስቤ አስረዳሁ። ዳማን ማንም አያነሳውም። ማንም አይጎትተውም። ጋሼም «እኔም ለሌሊቱ ዘበኛ እነግራለሁ» አሉ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሌሊት እያሰብኩበት ቆየሁ። ሳፋ ለምን አስፈለገ? ሦስት ሳምንት ዳማን ከሳፋ ጋር ላስታርቅ ስደክም ይህን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ውኃ ለማጠራቀም ነው? ዳማ የሚታጠበው ውጭ ነው፤ ውኃው ወደ አትክልቱ ቢፈስ ደስ ይለናል። ሳፋውን ለልብስ መለስኩት። ጎማውንም ጠቅልዬ ጋራዥ ውስጥ አስገባሁት። ቦታም ቀየርኩ። በፊት የምናጥበው ቧንቧው አጠገብ ሊሾው ላይ ነበር። አሁን ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ የሚገባበት ሣር ላይ አዲስ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ዘረጋሁ። ያ ቦታ ለዳማ ምንም መጥፎ ትዝታ የለውም። ማዳበሪያውን አሸተተና ተኛበት።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዛሬ ሥልጠና የለም። እንግዳ ይበዛል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል፣ ሁሉ ሰው ይነካካዋል። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ተጨማሪ ነገር መጫን ተገቢ አይደለም። እንግዶች ዶሮ ወጥ እንዳያጎርሱት ስጠብቅ ዋልኩ፤ ሽንኩርት ለውሻ ደም ጠንቅ ነው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ለእሱ ያለ ጨው ያለ ቅመም ሳንባና ጉበት ቀቀልኩለት። ጉበቱን ሲያሸት ዓይኑ በራ። ከአሁን በኋላ ደመወዙ እሱ ነው።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ሳምንቱን በሙሉ ዱካ ላይ፣ ትንሿ መቀመጫ ላይ ነበርን። አሮጌ ፎጣ አጥፌ ዱካው ላይ አደረግኩ፤ ዱካውን ማዳበሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። ዳማ አገጩን ዱካው ላይ ሲያሳርፍ «ጎበዝ» ይባላል፤ የጥፍር ያህል ጉበት ያገኛል። መጀመሪያ ቀን በአጋጣሚ ነካው። ሦስተኛው ቀን ሆን ብሎ አስቀመጠ። ዛሬ እስከ 20 ስቆጥር ሳያነሳ ቆየ።

ይህ ጨዋታ አይደለም፤ መነጋገሪያችን ነው። አገጩ ዱካው ላይ ካለ «ቀጥዪ» ማለቱ ነው። ካነሳ «አቁሚ»። እና አቆማለሁ። ወዲያው፣ እጄ መንገድ ላይ ቢሆንም። ሐሙስ ዕለት ደረቅ ጨርቅ ይዤ እጄን ወደ ጀርባው ስዘረጋ በሦስት ደቂቃ ውስጥ 11 ጊዜ አነሳ። 11 ጊዜም እጄን መለስኩ። ዓርብ 6። ዛሬ 2 ጊዜ ብቻ። የሚሄድበት መንገድ ክፍት መሆኑን ሲያውቅ መቆየት ጀመረ። ማሰሪያ የለውም፤ በሩም አልተዘጋም። ጉበቱንም ቢሄድ አልከለክለውም፤ ትንሿን እሰጠዋለሁ።

ጋሼ ይህን አይተው «እኔ እኮ ይቺን ሚስጥር ከብት ስጠብቅ አውቃት ነበር» አሉኝ። እሳቸው ያደጉት ከከብት ጋር ነው። ላም የምትታለበው ወድዳ ካልቆመች ወተቷን ትይዛለች አሉ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ድምፁ ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ወንድሜ ከአምስት እርምጃ ርቆ ከጆግ ወደ ባልዲ ውኃ ያንቆረቁራል። ድምፁ ከተሰማ በኋላ ጉበት። ድምፁ ሲቆም ጉበቱም ይቆማል። ወንድሜ በዚህ ሥራ ጎበዝ ሆኗል፤ በየቀኑ ማታ «አሁን አልደረሰም?» ይለኛል። ዛሬ ጆጉ ከዳማ ጭራ አንድ እርምጃ ላይ ነበር። ዳማ አገጩን ሳያነሳ ጆሮውን ብቻ ወደ ድምፁ አዞረና መልሶ ወደ እኔ አየ። ጉበቱስ? እንደሚል።

ለሻምፑው ሌላ ዘዴ አገኘሁ። የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ክዳን በጋለ መርፌ አራት ቦታ በሳሁ። ሻምፑውን በውኃ አቅጥኜ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩ። ሲጨመቅ ድምፅ የለውም፤ ቶሎም ይዳረሳል። ወፍራም ሻምፑ ጸጉሩ ላይ አፍስሶ መፈተግ ዳማን ያስጨንቀው ከነበረው አንዱ ነው።

ግንቦት 10፣ እሑድ

የመጀመሪያው ውኃ! ጠዋት 4 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትሞቅ። የሮቶው ውኃ ጠዋት ጠዋት አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ስለዚህ በድስት አሙቄ ቀላቀልኩ። የሕፃን መታጠቢያ ቴርሞሜትር ከአክስቴ ተውሼ 37 ዲግሪ ላይ አደረስኩት። የውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ስለሆነ ይህ ለእሱ ለብ ያለ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ክርን ይበቃል፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማ ልክ ነው።

ስፖንጁን አርጥቤ የኋላ እግሩን ነካሁ። አገጩ አልተነሳም። ጭኑን። አልተነሳም። ከስፖንጁ ጥቁር ውኃ ወረደ። ወገቡ ላይ ስደርስ አነሳ፤ ቆምኩ። ስምንት ያህል ሰከንድ አሰበበት። መልሶ አስቀመጠ። እማዬ ከጀርባዬ «አቤት ጌታዬ» ስትል ሰማሁ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ጀርባው፣ ሆዱ፣ አራቱም እግሮቹ በሻምፑ ታጠቡ። 10 ደቂቃውን እንዲህ አሳለፍነው። ትሪ ላይ የለውዝ ቅቤ በስሱ ቀብቼ ዱካው አጠገብ ዛፉ ላይ አስደገፍኩለት። መላስ ውሻን ያረጋጋል፤ መላሱ እየረዘመ ሲሄድ ትከሻው ሲወርድ ይታየኛል። ለውዝ ቅቤና ዳማ ታርቀዋል።

ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ፊቱን የማጥበው በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ውኃ አናቱ ላይ አላፈስም። የቀኝ ጆሮውን ሥር ስጠርግ ዝም ይላል። ግራውን ልነካ ስል ገና ሳልደርስ አገጩ ይነሳል። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም። ይህ ፍርሃት ከሆነ ሁለቱም ላይ መሆን ነበረበት። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። የሻገተ እህል የመሰለ ሽታ አለው።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዱካውን ይዤ ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ፎጣውንም። ወለሉ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ዳማ ዞር ዞር ብሎ ክፍሉን አየ፤ ከዚያ መጥቶ አገጩን አሳረፈ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ያ ያጉረመረመብኝ ነው?» አሉ። ሦስት ጊዜ አገጩን አነሳ፤ ሦስት ጊዜ ቆሙለት። በአራተኛው የግራ ጆሮውን ውስጥ አዩ። ቆስሏል፤ የቆየ ነው። የውሻ ጆሮ ቀዳዳ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ውኃ ከገባበት እዚያው ይቀራል፣ እርጥበቱ ጀርም ያራባል። ጎማውን አናቱ ላይ የለቀቅንባቸው ቀናት በሙሉ ዓይኔ ላይ መጡ። ያመው ነበር። ስንይዘው የምንይዘው ደግሞ በዚያው በኩል፣ ጆሮውን ተጭነን ነበር።

ጠብታ ለ10 ቀን። ጠዋትና ማታ። ጠብታውም በዱካው ሥርዓት ነው የሚገባው።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ጠብታው አልቋል፤ ሽታው ጠፍቷል። ዛሬ ሙሉውን ታጠበ። ጆሮዎቹ አፍ ላይ ጥጥ ሻጥ አደረግኩ፣ ወደ ውስጥ ሳልገፋ። ከእግር ጀምሬ ወደ ላይ፣ ፊቱን በመጨረሻ በጨርቅ። ሻምፑው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ሁለት ባልዲ ውኃ ፈጀ። አገጩን ያነሳው 4 ጊዜ። ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ ፎጣው 26 ደቂቃ ነው።

ፎጣ ላይ ስደርስ እራሱን አራገፈና ሁላችንንም አጠበን። ከዚያ ግቢውን እየዞረ ሮጠ፣ እንደ ቡችላ። የጸጉር ማድረቂያ አልሞከርኩም፤ ፀሐይዋ ትበቃለች። ወገቡ ላይ አዲስ ጸጉር በቅሏል፤ አጭርና ለስላሳ፣ ከሌላው ይልቅ የቀላ። ዶክተሩ አሁን በወር አንዴ ይበቃዋል ብለዋል።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ክረምቱ ገባ። ዳማ ከጋሼ ጋር እስከ መንገዱ ሄዶ እስከ ሆዱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ሙሉ መታጠብ አያስፈልገውም፤ እግሩን ብቻ ላለቀልቀው ብዬ ውኃ ጣድኩ። ባልዲውን ይዤ ወደ ጓሮ ስዞር ማዳበሪያው ላይ ቆሟል። ዱካውን ገና አላወጣሁም። ዱካው ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ቦታ አሸተተና ወደ እኔ አየ። «ቆይ፣ ውኃው አልሞቀም» አልኩት። ዱካውን አመጣሁለት። አገጩን አሳርፎ መጠበቅ ጀመረ።